በዱዓው መሃል የወረደው እጅ

ሽማግሌ ሲመርቅ ያቋረጠችው ሴት እኔ ነኝ። ቆቦ ገበያ ላይ «ምርቃት የሰበረችው» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ሌላ ሰው አትጠርጥሩ፤ ዘሃራ ማለት እኔ ነኝ። ወሬው እናንተ ዘንድ የደረሰው ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተጨምሮበት ስለሆነ፣ ዛሬ ሙሉውን ከራሴ አፍ ስሙት።

ያኔ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ሥራዬ ካርድ ማውጣትና ካርድ መመለስ ነው፤ በቃ። ግን ልናዘዝላችሁ፣ ስድስት ዓመት ከመስኮቱ ጀርባ ስቀመጥ ራሴን በራሴ ግማሽ ሐኪም አድርጌ ሾሜ ነበር። ከኔ መስኮት ፊት ለፊት የጤና መኮንናችን የታደሰ ክፍል አለ። የቆላው ሙቀት በር ዘግቶ አያሠራም፤ ስለዚህ እሱ በሽተኛ ሲመረምር እኔ በነፃ እማራለሁ። ፊቱ የተጣመመ ወይም እግሩን የሚጎትት ሰው ሲመጣ ታደሰ ሁልጊዜ የሚላቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ሁለት እጅህን አንሣና ያዝልኝ። ሳቅልኝ። ስምህን ንገረኝ።» እጁ ከወረደ፣ ሳቁ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ ቃሉ ከተኮላተፈ ታደሰ ከወንበሩ ይፈናጠራል። «ስትሮክ ነው፣ መኪና!» ይላል። እኔም ከመስኮቴ ሆኜ «አላልኳችሁም?» እላለሁ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ!

አባቴ ሸህ ሰይድ ደግሞ አስታራቂ ነው። ከሮቢት እስከ ዋጃ ሰው ሲጣላ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። በዚያ ዓመት የያዘው ጉዳይ የሁሴንና የአበራ ነበር። ሁለቱ የእርሻ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ሁሴን ባጃጅም አለው፤ ማሽላቸውን የሚያጠጡት ከአንድ ጉድጓድ በሚመጣ ቧንቧ ነው። አንድ ቀን በውኃ ተራ ተጣሉና ሁሴን በሽመል የአበራን ግራ ክንድ ሰበረው። ክንዱ ሲድን ጠሞ ዳነ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም፤ ዘመዶቻቸውም በአንድ መንገድ አይሄዱም። አባቴ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ሁለቱም «እሺ» አሉና ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀጠረ።

እኛ ዘንድ እርቅ የሚጸናው በምርቃት ነው። ሽማግሌው መዳፉን ዘርግቶ ይመርቃል፣ ሰው «አሚን» ይላል፣ ክርስቲያኖቹ «አሜን» ይላሉ። ምርቃቱ ተዘግቶ ሁሉም ፊቱን በእጁ ሲያብስ ባላጋራዎቹ ተነሥተው ይጨባበጣሉ። ከዚያ በፊት የሚነሣ የለም፤ ማንም! በመሃል የተነሣ ሰው ምርቃቱን ሰበረ ይባላል፤ እርቁም እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ልጅ ሆኜ ጉንዳን እግሬን እየበላኝ እንኳ ተቀምጫለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ወስጄ ወደ ተረኛ ሥራዬ ልመለስ ነበር። ከቤት ሲወጣ «ራሴን እየወቀረኝ ነው ልጄ» አለኝ።

«ትንሽ አረፍ ብትልስ አባ?»

«ሰው ዓመት ጠብቆ ራሴን አመመኝ ልበለው? ነይ እንሂድ።»

ሄድን። ከዛፉ ሥር ሰላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሁሴንና አበራ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ መሬት አንዱ ሰማይ ያያል። ሴቶቹ ከኋላ ነን። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው፣ ካርድ ክፍሉ ሰው ይጠብቀኛል። አባቴ መዳፎቹን ከደረቱ ፊት ዘረጋ።

«ጠባችሁን መሬት ይዋጠው!»

«አሚን!»

«ማሽላችሁን ወፍ አይቅመሰው!»

«አሚን!»

«ልጆቻችሁ ከአንድ ገንዳ ከብት ያጠጡ!»

«አሚን!»

«ውኃችሁን…»

ቆመ። እኛም ጠበቅን።

«ውኃችሁን… አላ… ለለ… በል…»

«አሚን!» አለ ሰዉ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በረታ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አለ፣ ቃል ግን የለም። ከቀኝ ዓይኑ እንባ ወረደ። አጠገቤ ያሉ ሴትዮ ደረታቸውን እየመቱ «ዱዓው ሰመረ! እንባውን እዩት! እዩት!» አሉ። «ለለ… ባ…» ይላል አባቴ፣ «አሚን! አሚን!» ይላል ሰዉ። ሜዳው ተናጋ።

እኔ ግን እጁን አየሁት። ግራው እንደተዘረጋ ነው። ቀኙ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድ ጣት ወረደ፣ ሁለት ጣት ወረደ፣ መዳፉ ወደ መሬት ዞረ፣ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ከመስኮቴ ስንት ጊዜ ያየሁት እጅ ነው! «ሁለት እጅህን አንሣና ያዝልኝ።» ታደሰ ለምኖ የሚያስነሣውን እጅ አባቴ በዱዓ ራሱ አንሥቶት ነበር፤ ያንን ማየት የሚችል ዓይን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የኔ ብቻ ነበር። ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ወላሂ፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሣ።

«አቁሙ! አሚን አትበሉ! አባቴ ታሟል!»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ከሽማግሌዎቹ ጎን የተቀመጡት አባ ይማም፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በበትራቸው መሬቱን መቱት። «ቁጭ በይ! ሴት ልጅ በምርቃት መሃል? አብደሻል?»

«አዎ አብጃለሁ!» ብዬ በሰው ትከሻ ላይ ተረማመድኩ። አባቴ ፊት ተንበረከክሁ። «አባ፣ እስቲ ሳቅልኝ።»

አየኝ። ሊስቅልኝ ሞከረ። ግራ ጉንጩ ሳቀ፤ ቀኙ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«አባ፣ እኔ ማን ነኝ?»

«ለለ…» አለ። ሰላሳ ስድስት ዓመት ስሜን የጠራው አባቴ ስሜን አጣው። ማልቀሻ ጊዜ ግን አልነበረም።

«ምች ነው» አሉ አባ ይማም። «ፀሐይ መትቶት ነው። ዳማከሴ አምጡ፣ እናሸው።»

«ከዛፍ ጥላ ሥር ምን ዓይነት ፀሐይ ነው የሚመታው አባ ይማም? ስትሮክ ነው! ሁሴን! ባጃጅህን አስነሣ!»

ሁሴን ግማሽ ተነሣና አበራን አየ። አበራም እሱን። ገባኝ። ከተነሡ እርቁ ፈረሰ፣ የአንድ ዓመት ልመና ውኃ በላው። በመጀመሪያ የተነሣው አበራ ነው። ቃል ሳይናገር መጥቶ ያንን ጠማማ ክንዱን ከአባቴ ብብት ሥር ከተተ። ሁሴንም እግሩን ያዘ። እንደ ከረጢት ተሸክመውት ሮጡ፤ እኔ ከኋላ ጫማውን ይዤ። የኋላው ሰው «ኧረ ምርቃቱ! ምርቃቱ!» ይላል።

ከዛፉ እስከ አስፋልት ያለውን ፒስታ መንገድ ታውቁታላችሁ፤ አቧራው ጉልበት ይደርሳል። ሁሴን ባጃጁን እንደ አበደ ፈረስ ነዳው። አበራ ከኋላ አባቴን በጎኑ አጋድሞ አቀፈው፤ እኔ በሁለቱ መሃል ተንበርክኬያለሁ። ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ስንወጣ አበራ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባላጋራውን አናገረው።

«ቀስ በል አንተ ሁሴን! ሽማግሌ እኮ ነው የጫንከው፣ ማሽላ አይደለም!»

«ቀስ ካልኩ ዘሃራ ትገለኛለች!» አለ ሁሴን።

አሁን ጉዴን ስሙ። እኔ ግማሽ ሐኪሟ ቦርሳዬን ከፈትኩ። አስፕሪን ነበረኝ። ታደሰ ለአንድ ሰውዬ «ደምህ እንዳይረጋ ነው፣ በየቀኑ አንድ» ሲለው ሰምቻለሁ። ስትሮክ ማለት በጭንቅላት ውስጥ ደም ረግቶ መዝጋት ነው፣ አስፕሪን ደሞ የረጋ ደም ጠላት ነው፣ አለቀ! በራሴ ኮራሁ። የአባቴን ከንፈር ከፈትኩና ኪኒኗን ምላሱ ላይ አስቀመጥኳት። ውኃ አልነበረንም፤ ዛሬም ድረስ ስለዚያ አላህን አመሰግናለሁ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ኔትወርክ መጣ። ታደሰ ጋ ደወልኩ። «ታደሰ! አባቴ ስትሮክ! ቀኝ እጁ፣ ፊቱ፣ ንግግሩ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ጀመረው፣ አስፕሪን ሰጥቼዋለሁ!» በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ጉረኛ።

ጮኸ፤ ታደሰ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። «ዋጠው?»

«አሁን አፉ ውስጥ…»

«አውጪው! አሁኑኑ አውጪው! የደም ሥሩ ፈንድቶ ቢሆንስ? ልትገድይው ነው እንዴ? ምንም እንዳትሰጪው፤ ውኃም! በጎኑ አድርጊው፣ ወደ ሆስፒታል ንዱ!»

ስልኩን ወርውሬ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። አባቴ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አልገባውም፤ ነከሰኝ። በዚያች በቀረችው ግራ መንጋጋው ነከሰኝ! እኔ እጮሃለሁ፣ አበራ «ልቀቋት አባቴ፣ ልጅዎ ናት!» ይላል፣ ሁሴን ጡሩንባውን ይነፋል። ግማሹ ሟሙቶ ከምራቅ ጋር የሚዝረበረብ ነጭ ነገር ጣቴ ላይ ተጣብቆ ወጣ። በነጠላዬ ጠረግኩለት። ጠባሳው አሁንም እዚህ አመልካች ጣቴ ላይ አለ፤ ማየት የፈለገ ካርድ ክፍል ይምጣ።

ቆቦ ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ከኔ በዕድሜ ታንሳለች። ገና ሳትነካው «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?» አለች።

«ጠዋት» አለ ሁሴን።

«ፀሐይ መክረር ስትጀምር» አለ አበራ።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት» አልኳት እኔ። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። የደም ግፊቱን ለካች፤ ሁለት መቶ ሃያ በመቶ ሠላሳ። ስኳሩንም ለካች፤ እንዲህ አስመስሎ የሚያታልል የስኳር መውረድ አለ አለች። አልነበረም።

«ግፊት እንዳለበት ታውቁ ነበር?»

አውቃለሁ። የአባቴ ካርድ ከኔ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከታች። «ደህና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ብሎ መድኃኒቱን ትቶ ነጭ ሽንኩርት ሲበላ ከርሟል። ካርዱ ስድስት ወር ከመደርደሪያው አልወጣም። የሰውን ሁሉ ካርድ የማወጣው እኔ የአባቴን አላወጣሁም።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ዶክተሯ። «ስትሮክ መሆኑን ለይታችሁ አምጥታችሁታል፣ በጣም ጥሩ። ግን ስትሮክ አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ሊዘጋ ይችላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ከውጪ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለአንዱ የሚያድነው መድኃኒት ሌላውን ይገድላል። የጭንቅላት ፎቶ፣ ሲቲ ስካን ሳናይ መለየት አንችልም፤ እሱ ደግሞ ደሴ ነው።»

እኔ አልገባኝም። የመለሰው አበራ ነው። «እንደኛ ቧንቧ በይኛ። ማሳው ደረቀ። ማሽላውን ብታዪው ቧንቧው ተደፍኖ ይሁን ፈንድቶ አይነግርሽም።»

«ሄደህ ቧንቧውን ካላየህ» አለ ሁሴን፣ ቀጠለለት። «ተደፍኖ መስሎህ ግፊቱን ብትጨምር፣ የፈነዳ ከሆነ…»

«ማሳውን ይዞት ይሄዳል» አለ አበራ።

ዶክተሯ «በትክክል!» አለች። እኔ ሁለቱን አየኋቸው። አንድ ዓመት የተጣሉበትን ቧንቧ ተጋግዘው ያስረዳሉ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ መጣ፤ ሳቅኩም፣ አለቀስኩም።

በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኩን፤ ወልድያን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። ነርሱ ግፊቱን እየለካ በመርፌ ቀስ እያለ ያወርዳል፤ እኔ የአባቴን ቀኝ እጅ ይዤ «ጨብጠኝ፣ አባ፣ ጨብጠኝ» እላለሁ። አይጨብጠኝም። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስታወከ፤ በሁለተኛው ዓይኑ ሲከደን አበቃለት ብዬ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደሴ ገባን። ፎቶው ተነሣ። ሐኪሙ ወጥቶ ምስሉን አሳየኝ። በጥቁሩ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር።

«ፈንድቶ ነው። ደም ፈስሷል። ትንሽ ናት፤ ካልሰፋች ተስፋ አለው። ከትናንት ወዲህ አስፕሪን ወስዷል?»

በፋሻ የተጠቀለለ ጣቴን አነሣሁ። «አልዋጠም» አልኩ። ከዚያ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ካለበት ክፍል አጠገብ ከዋጃ የመጡ አንዲት እናት ተኝተው ነበር። እሳቸውንም ቀኝ እጅ፣ እሳቸውንም ፊት፣ እሳቸውንም ንግግር ነው የያዛቸው። ቁርጥ አባቴን! ልጃቸው ግን በየጠዋቱ የምትሰጣቸው አስፕሪን ነው፤ የእሳቸው የተዘጋ ነበር። ደግሞ ነገረችኝ፤ ከመታመማቸው ከሦስት ቀን በፊት በገበያ መሃል እጃቸው ዝሎ ሳንቲም ወድቆባቸው፣ ንግግራቸው ተሳስሮ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምንም እንዳልሆኑ ሆነው ተነሡ። «ምች ነው፣ አለፈልኝ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ያም ራሱ ስትሮክ ነበር ለካ፤ መጥቶ የሚሄድ ዓይነት። ትልቁ እንደሚመጣ ይነግራል፣ ሰው ግን ስላለፈለት ዱዓ አድርጎ ይረሳዋል።

በአባቴ ጭንቅላት ያለችው ደም አልሰፋችም። በአራተኛው ቀን ማለዳ አባቴ ዓይኑን ከፈተና እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ዘ…» አለ። ጠበቅኩት። «ዘ… ሃ…» ነርሷ ሮጣ መጣች፤ ክፍሉን በእልልታ አቀልጬዋለሁ።

ቤት ስንመለስ እንደ ጀግና የሚቀበሉኝ መስሎኝ ነበር። ወይ ዘሃራ! አባ ይማም ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ነው የመለሱልኝ። «ወንድሜን አትርፈሻል፣ አላህ ይስጥሽ። ግን የሁሴንና የአበራ ጉዳይ ክፍት ቀርቷል። ማን ይዘጋዋል?» ሌላ ሽማግሌ ይቀጥለው ሲባል እሳቸው «የጀመረው ይጨርሰዋል» ብለው እንቢ አሉ። አባቴ ግን ሁለት ቃል መግጠም አይችልም። ሁሴንና አበራ ደግሞ ጉድ ናቸው! በየሳምንቱ ለእንቅስቃሴ ሕክምና አባቴን በባጃጅ ያመላልሱታል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይደግፉታል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይጨባበጡም። ምርቃቱ አልተዘጋማ!

እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኔ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ነበርኩ። እጁን አይታ የተነሣችው ዘሃራ አባቴን አተረፈችው። ዓይነቱን በራሷ ፈርዳ ኪኒን ያጎረሰችው ዘሃራ ልትገድለው ነበር። በሽታውን መለየትና ዓይነቱን መለየት ሁለት ሥራ ነው። ስትሮክ መሆኑን ማየት የናንተ ነው፤ እጅ፣ ፊት፣ ንግግር፣ የጀመረበትን ሰዓት። የትኛው ዓይነት እንደሆነ መናገር የማሽኑና የሐኪሙ ነው፤ እስከዚያ ምንም አታጉርሱ። ቢያልፍለትም አትመኑት፣ ውሰዱት። እና ከቤተሰባችሁ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ሳይወጣ የከረመ ካርድ ያለው ካለ ዛሬ አስወጡለት። እኔ አሁን በየወሩ መጀመሪያ የማወጣው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ማሽላው በሚያሸትበት ሰሞን፣ አባቴ ራሱ «ጥ…ሩልኝ» አለ። ያው ሰው ከዚያው ቁርቁራ ሥር ተሰበሰበ። ሁሴንና አበራ እንደዚያን ቀን ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ዛሬ ከተንቀሳቀስኩ እንደሚሰቅሉኝ አውቃለሁ።

አባቴ መዳፎቹን ዘረጋ። ግራው ወጣ። ቀኙ እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ድረስ ወጣና ቆመ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ሰላሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ዘንድሮ እጅ የማያይ ማን አለ? አባ ይማም እንኳ አፋቸውን ከፍተው ቀኝ መዳፉን ያያሉ። አበራ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሸተት ብሎ ተጠጋና ያንን ጠማማ ክንዱን ከሥሩ አደረገለት። ሁሴንም ከማዶ እጁን ላከ። መዳፉ በሁለቱ እጅ ላይ ወጣ።

አባቴ ግን አልጀመረም። ዓይኑን በሽማግሌዎቹ ላይ አሳልፎ ኋላ፣ ሴቶቹ ዘንድ ፈለገኝ።

«ዘሃራ» አለ። ቀስ ብሎ፣ ግን ሙሉ። «አየሽኝ ወይ?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቱን አየሁ። ከንፈሩን አየሁ። ትንሽ ጎበጥ ያለች፣ ግን በሁለቱም ጎን ያለች ፈገግታ ነበረች።

«አየሁህ አባ» አልኩ። «ቀጥል።»

«ውኃችሁን» አለ አባቴ፣ ካቋረጥኩበት ቦታ፣ «አላህ… ለሁለታችሁ… ያብቃቃ!»

በዚያን ቀን ከቁርቁራው ሥር ከሁሉም በላይ ጮኼ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።